በነፋስና በደም መካከል

በባሕር ዳር ከተማ፣ ዓሣ አጥማጆች በማለዳ ታንኳቸውን ወደ ዳር በሚያስጠጉበት በጣና ጠረፍ ቆሞ ያስተዋለ ሰው፣ ሌሊቱን በመረብ ተይዘው የመጡት ዓሦች አሟሟታቸው አንድ ዓይነት እንዳልሆነ ለመገንዘብ አይቸገርም። ነጭ ዓሣ የሚባለው ከውሃ ከወጣ ጀምሮ አፉን እየከፈተና እየዘጋ፣ የጉንጩን ክዳን እያራገበ ጥቂት ይጨነቅና ይደክማል፤ ቆሮሶውም ብዙ ሳይቆይ ይከተለዋል፤ አምባዛ ግን፣ ያ ቅርፊት የሌለው፣ ራሱ ጠፍጣፋ፣ ሪዛሙ ዓሣ፣ ፀሐይ ከፍ ብላ ገዢና ሻጭ በዋጋ እስኪስማሙ ድረስ በታንኳው ወለል ላይ እየተገላበጠ በሕይወት ይቆያል። «አባቴ፣ ይኼኛው አልሞተም እኮ!» ብሎ ለሚደነቅ እንግዳ፣ በዚያ ሥራ ያረጀው አጥማጅ «እርሱ እርጥበት ካላጣ በቀላሉ አይሞትም፣ ልጄ» ብሎ ይመልስለታል።

ነገሩን ጠለቅ ብሎ ለሚያሰላስል ሰው ግን ወዲያው የሚመጣ ጥያቄ አለ። በአንድ ሊትር አየር ውስጥ 210 ሚሊ ሊትር ያህል ኦክስጅን ሲገኝ፣ ሙቀቱ 20 ዲግሪ በሆነ አንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ውስጥ የሚሟሟው ከ7 ሚሊ ሊትር አይበልጥም፤ ከባሕር ጠለል 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ በተኛው በጣና ሐይቅማ ከዚህም ያንሳል። ታዲያ ነጭ ዓሣ ኦክስጅን ከጎደለበት ሥፍራ ኦክስጅን ወደ ሞላበት ሥፍራ ወጥቶ ሳለ፣ ኦክስጅን አጥቶ የሚሞተው ስለ ምንድን ነው? መልሱ ያለው በራሱ ግራና ቀኝ፣ ከጉንጩ ክዳን በታች በተሰወረው ስንጥብ በሚባለው ቀይ ክፍል ውስጥ ነው። ስንጥቡ እጅግ ስስ በሆኑ፣ ቁጥራቸው በበዛ ቅጠላ ቅጠሎች የተሠራ ሲሆን፣ እነዚህ ቅጠሎች በውሃ ውስጥ ሳሉ ውሃው ራሱ እየደገፋቸው ተዘርግተው ይቆማሉ፤ ከውሃ ሲወጡ ግን የሚደግፋቸው ስለሌለ አንዱ በሌላው ላይ ተደርምሶ ይጣበቃል፤ እርጥበታቸውም ይደርቃል፤ ኦክስጅን የሚገባበት ሰፊ ገጽ በአንድ ጊዜ ጠብቦ ይዘጋል።

ከዚህ ከነጭ ዓሣ ሞት የምንማረው ነገር፣ እኔ እንደሚመስለኝ፣ ስለ ፍጡራን ሁሉ አተነፋፈስ ከሚነገረው ትምህርት የመጀመሪያውና ዋነኛው ነው። ብዙዎቻችን መተንፈስ ስንል አየርን ወደ ደረት ስቦ ማስገባትና መልሶ ማስወጣት ማለታችን ነው፤ ይሁን እንጂ የደረት መነሣትና መውደቅ ዋናው ጉዳይ ወደሚፈጸምበት ሥፍራ አየሩን ከማድረስ በቀር ሌላ ሥራ የለውም። ዋናው ጉዳይ የሚፈጸመው ነፋስና ደም፣ ወይም ውሃና ደም፣ በአንድ ስስና እርጥብ ገጽ ግራና ቀኝ ሆነው በሚተያዩበት ድንበር ላይ ነው። በዚያም ድንበር ላይ ኦክስጅን ወደ ውስጥ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ማለትም የተቃጠለው አየር ወደ ውጭ የሚሻገሩት ከበዛበት ወደ አነሰበት ዝም ብለው እየሰረጉ ነው። ይህ ስርጋት በአጭር ርቀት ላይ እጅግ ፈጣን፣ ርቀቱ በጨመረ መጠን ግን እጅግ ቀርፋፋ ስለሆነ፣ ውፍረቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ፍጥረት ሳንባም ስንጥብም ሳያሻው በገላው ብቻ ሊኖር ይችላል፤ ከዚያ የወፈረ ሁሉ ግን ገጹን የሚያሰፋበት፣ እርጥበቱን የሚጠብቅበት፣ ነፋሱንም ወደ ደሙ የሚያቀርብበት ብልሃት ግድ ያስፈልገዋል። የምድር ትል ይህን የሚፈጽመው በቆዳው ነው፤ ከእርጥብ ቆዳው ሥር ደም ይመላለሳል፤ ስለዚህም ፀሐይ ካገኘችው ቆዳው ይደርቅና፣ በአየር መካከል ተኝቶ ሳለ ታፍኖ ይሞታል።

የዓሣ ስንጥብ ግን ከዚህ ሁሉ የሚልቅ ጥበብ አለው። ውሃ ከአየር 800 ጊዜ ያህል የሚከብድ ስለሆነ፣ እኛ አየሩን በገባበት በር መልሰን እንደምናስወጣው ሁሉ ዓሣም ውሃውን በአፉ አስገብቶ በአፉ ቢያስወጣ ኖሮ፣ በመተንፈስ ያገኘው ኃይል ሁሉ ለመተንፈስ ብቻ ባለቀ ነበር። ስለዚህ ውሃው በአፉ ይገባል፣ በስንጥቡ ላይ ያልፋል፣ በጉንጩ ክዳን በኩል ይወጣል፤ ጉዞው አንድ አቅጣጫ ብቻ ያለው ነው። በስንጥቡ ቅጠሎች ውስጥ የሚሄደው ደም ደግሞ ከውሃው ጋር ጎን ለጎን በአንድ ወገን አይሄድም፤ ውሃው ወደ ኋላ ሲፈስ ደሙ ወደ ፊት ይመጣል። ሁለቱ አብረው ቢሄዱ ኖሮ፣ የውሃው ኦክስጅን እየቀነሰ የደሙ እየጨመረ ሄዶ እኩል በሆኑ ጊዜ ስርጋቱ ይቆም ነበር፤ ፊት ለፊት እየተላለፉ በመሄዳቸው ግን፣ ኦክስጅን ሊጠግብ የቀረበው ደም ገና ምንም ያልተወሰደበትን ውሃ ያገኛል፤ ባዶውን የመጣው ደም ደግሞ አብዛኛው ኦክስጅን የተወሰደበትን ውሃ ያገኝና ከዚያም ስንኳ ቀሪውን ይቀበላል። በዚህ ምክንያት ዓሣ በስንጥቡ ከሚያልፈው ውሃ እስከ 80 ከመቶ የሚደርስ ኦክስጅን ሊወስድ ሲችል፣ ሰው ግን 21 ከመቶ ኦክስጅን ያለበትን አየር ስቦ 16 ከመቶ ያህሉ ገና በውስጡ እንዳለ መልሶ ይተነፍሰዋል።

ይህን ያህል ቆጣቢ የሆነ ፍጥረት ግን ውሃው ራሱ ሲደኸይበት የሚሸሸግበት የለውም። እምቦጭ የሚባለው መጤ አረም በጣና ላይ መኖሩ በ2011 (እ.ኤ.አ.) ከታወቀ ወዲህ፣ በተለይ በሰሜንና በምሥራቅ ዳርቻዎች ውሃውን እየሸፈነ ሲያስቸግር ቆይቷል። አረሙ ጥቅጥቅ ብሎ በተነጠፈበት ሥፍራ ነፋስና ውሃ አይገናኙም፤ ብርሃን ስለማይዘልቅ፣ በቀን ኦክስጅን የሚያወጡት በዓይን የማይታዩ የውሃ ዕፅዋት ይመነምናሉ፤ አረሙ ሞቶ በበሰበሰ ጊዜ ደግሞ የሚያበሰብሱት ተሕዋስያን የቀረውን ኦክስጅን ይጠቀሙበታል። ነጭ ዓሣ በክረምቱ ማብቂያ እንደ ጉማራ ወዳሉት ወንዞች ወጥቶ፣ ጠጠር ላይ በሚፈስ ንጹሕ ውሃ ዕንቁላሉን የሚጥል ወገን ነው፤ ዕንቁላሉም ሳይቀር ይተነፍሳልና። ስለ እምቦጭ ሲነገር የአጥማጁ መረብና የጀልባው መንገድ ብዙ ጊዜ ይነሣል፤ የሚገባም ነው፤ እኔ ግን ከሁሉ አስቀድሞ ሊያሳስበን የሚገባው ከአረሙ ሥር ያለው የትንፋሽ ማጣት ነው ባይ ነኝ።

አምባዛ በዚህ ሁሉ መካከል የሚጸናበት ምስጢር፣ ከስንጥቡ በላይ ባለው ክፍት ቦታ ውስጥ የዛፍ ቅርንጫፍ መሳይ፣ ደም የሞላበት ተጨማሪ የመተንፈሻ አካሉ ነው። ይህ አካል ከስንጥቡ ቅጠሎች የጠነከረ በመሆኑ በአየር ውስጥ አይደረመስም፤ አምባዛም በየጊዜው ወደ ውሃው ገጽ ብቅ እያለ አየር ይጎርሳል፤ ኩሬው ሲደርቅበትም በእርጥብ መሬት ላይ እየተሳበ ሌላ ውሃ ይፈልጋል። ከእርሱም አልፎ የሄደ ዓሣ በባሮ ወንዝ፣ በጋምቤላ ቆላ ይገኛል። ኦስትሪያዊው ሊቅ ሄከል በ1851 (እ.ኤ.አ.) ከነጭ ዓባይ የመጣውን ይህን ባለ ሳንባ ዓሣ ፕሮቶፕቴረስ ኤትዮፒከስ ብሎ በአገራችን ስም ሰይሞታል። ይህ ዓሣ እውነተኛ ሳንባ አለው፤ ካደገ በኋላ ከሚያስፈልገው ኦክስጅን ከመቶ ዘጠናውን ያህል የሚያገኘው ከአየር ነው፤ ስንጥቡ ከመመንመኑ የተነሣ፣ ወደ ውሃው ገጽ እንዳይወጣ የከለከሉት እንደ ሆነ ዓሣ ሆኖ ሳለ በውሃ ውስጥ ሰጥሞ ይሞታል። ውሃው ሲደርቅ ደግሞ ጭቃ ውስጥ ራሱን ይቀብራል፤ ከገላው በሚያወጣው ዝልግልግ ነገር ልባስ ሠርቶ ይሸፈናል፤ ወደ አፉ የምትደርስ አንዲት ቀዳዳ ብቻ ትቶ፣ የሕይወቱን እሳት አሳንሶ ዝናም እስኪመጣ ይጠብቃል።

በውሃና በየብስ መካከል የቆመችው እንቁራሪት ለሊቃውንት ከማንም የበለጠ ምስጢር ገልጣለች። ገና ጅራት ሳላት በስንጥብ ትተነፍሳለች፤ ካደገች በኋላ ግን ሳንባ ታበጃለች፤ ነገር ግን እንደ እኛ ደረትን የሚያሰፋ ጎድንና ድያፍራም ስለሌላት፣ አየሩን የጉሮሮዋን ወለል ከፍና ዝቅ እያደረገች ወደ ሳንባዋ ገፍታ ታስገባዋለች። የተቃጠለውን አየር ደግሞ አብዛኛውን የምታስወጣው በእርጥቡ ቆዳዋ ነው። በ1628 (እ.ኤ.አ.) እንግሊዛዊው ሐኪም ዊሊያም ሃርቬይ ደም በአካል ውስጥ እየዞረ እንደሚመለስ ባስረዳ ጊዜ፣ ደሙ ከደም ቅዳ ወደ ደም መልስ በየት በኩል እንደሚሻገር ማየት አልቻለም ነበር። ከእርሱም አስቀድሞ፣ በ13ኛው መቶ ዓመት በካይሮ የነበረው ሐኪም ኢብን አን ናፊስ፣ ደም ከልብ ቀኝ ወደ ልብ ግራ የሚደርሰው በሳንባ በኩል ዞሮ ነው ብሎ ጽፎ ነበር። ሁለቱም ያላዩትን በ1661 (እ.ኤ.አ.) ያየው የቦሎኛው ማርቼሎ ማልፒጊ ነው፤ የእንቁራሪት ሳንባ ስስና ብርሃን አሳላፊ በመሆኑ በአጉሊ መነጽር ሥር ሲመለከተው፣ ደሙ በእጅግ ቀጫጭን ሥሮች ውስጥ በአየር ከረጢቶቹ ግድግዳ ላይ ሲሄድ አገኘው። ነፋስና ደም የሚተያዩበት ድንበር በሰው ዓይን ሲታይ ይህ የመጀመሪያው ነበር።

ይኸው ማልፒጊ ከስምንት ዓመት በኋላ ስለ ሐር ትል ሲጽፍ ሌላ ነገር አስተዋለ፤ በትሉ ጎን ያሉትን ጥቃቅን ቀዳዳዎች በዘይት ቢደፍናቸው ትሉ ሞተ። ነፍሳት አፋቸውን ለመብል እንጂ ለትንፋሽ አይጠቀሙበትም። በ2019 እና በ2020 (እ.ኤ.አ.) በአገራችን ላይ መንጋው ወርዶ እህላችንን የፈጀው የበረሃ አንበጣ በጎኑ 10 ጥንድ ቀዳዳዎች አሉት፤ ዐርፎ ሳለ ሆዱን እያኮማተረና እየዘረጋ፣ ከፊት ባሉት አራት ጥንዶች አየር ያስገባል፤ በኋላ ባሉት ያስወጣል። ከቀዳዳዎቹ የሚነሡት ቧንቧዎች እየቀጠኑና እየተከፋፈሉ ሄደው እያንዳንዱን ጡንቻ ይደርሱበታል፤ ስለዚህ ደሙ ኦክስጅን የመሸከም ሸክም የለበትም፤ ነፋሱ ራሱ እስከ ሥጋው ድረስ ይሄዳል። ይህ ለትንሽ ገላ ግሩም የሆነ ሥርዓት ነው፤ ገላው በተለቀ መጠን ግን ቧንቧዎቹ ይረዝማሉ፤ ስርጋቱም ይዘገያል። ከ300 ሚሊዮን ዓመት በፊት፣ የአየሩ ኦክስጅን ከዛሬው በበዛበት ዘመን፣ ክንፉን ሲዘረጋ 70 ሳንቲ ሜትር ያህል የሚደርስ የተርብ ዝንብ መሳይ ፍጥረት ይበር እንደ ነበር ከድንጋይ ላይ የቀረው ቅርጹ ያስረዳል፤ ብዙ ሊቃውንትም ግዝፈቱን ከዚያ የኦክስጅን ብዛት ጋር ያያይዙታል።

የቤተ ክርስቲያናችን መምህራን፣ ሰው ከአራቱ ባሕርያተ ሥጋ፣ ከነፋስ፣ ከእሳት፣ ከውሃና ከመሬት ተፈጠረ ብለው ሲያስተምሩ ለሰማ ሰው፣ ፈረንሳዊው ላቩዋዝዬ በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ያደረገው ምርመራ እንግዳ አይሆንበትም። እንግሊዛዊው ጆሴፍ ፕሪስትሊ በ1774 (እ.ኤ.አ.) ቀዩን የሜርኩሪ ዝቃጭ በፀሐይ ጨረር አሙቆ አንድ ልዩ አየር አወጣ፤ በዚያም አየር ውስጥ ሻማ ደምቆ በራ፤ አይጥም ታፍና ሳለች ከተለመደው ጊዜ በላይ ቆየች። ላቩዋዝዬ ይህን አየር ኦክስጅን ብሎ ሰየመው፤ ከላፕላስ ጋር ሆኖም በበረዶ በተከበበ ዕቃ ውስጥ ጊኒ ፒግ የምትባለውን ትንሽ እንስሳ አኑሮ፣ ከገላዋ በወጣው ሙቀት የቀለጠውን በረዶ ከተነፈሰችው የተቃጠለ አየር ጋር አነጻጽሮ፣ መተንፈስ በሥጋ ውስጥ ያለ ነበልባል የሚፈጸም ቀስ ያለ መቃጠል ነው ሲል ደመደመ። ይህ ታላቅ ሊቅ ግንቦት 8 ቀን 1794 (እ.ኤ.አ.) በአብዮቱ ፍርድ አንገቱ ተቆረጠ፤ ስለ ትንፋሽ ይህን ያህል ለመረመረ ሰው እንዲህ ያለ ፍጻሜ መድረሱ እስከ ዛሬ የሚያሳዝን ነው።

ከእርሱ በኋላ የተነሣው ክርክር ሳንባ ኦክስጅንን በራሱ ኃይል ይስባልን ወይስ ኦክስጅኑ ራሱ ሰርጎ ይገባል? የሚል ነበር። በኮፐንሃገን የታወቀው መምህር ክርስቲያን ቦር ሳንባ ይስባል ይል ነበር፤ የገዛ ደቀ መዝሙሩ አውጉስት ክሮግና ሐኪም የሆነችው ባለቤቱ ማሪ ክሮግ ግን በጥንቃቄ በሠሩት ልኬት፣ ስርጋት ብቻውን እንደሚበቃ በ1910 (እ.ኤ.አ.) አስረዱ። መምህርን በማስረጃ መቃወም ለደቀ መዝሙር ምን ያህል እንደሚከብድ የቆሎ ትምህርት ቤት ያየ ሁሉ ያውቀዋል። በ1905 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ ሆልዴንና ሌላው ፕሪስትሊ በእንግሊዝ አገር፣ በተለመደው ኑሯችን እንድንተነፍስ የሚያስገድደን በዋናው የኦክስጅን ማነስ ሳይሆን የተቃጠለው አየር በደም ውስጥ መከማቸት መሆኑን አሳዩ። ትንፋሹን የያዘ ሰው ደረቱን የሚያስጨንቀው ይኸው ነው። በሰው ሳንባ ውስጥ 300 ሚሊዮን ያህል የአየር ከረጢቶች ይገኛሉ፤ ገጻቸው ቢዘረጋ 70 ካሬ ሜትር ያህል ይሆናል፤ አየሩን ከደሙ የሚለየው ግድግዳም ውፍረቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ያነሰ ነው።

ከዚህ የሰው ሳንባ ይልቅ ግን የወፍ ሳንባ እንደሚበልጥ ሳልሸሽግ እናገራለሁ። የእኛ ሳንባ ባለ አንድ በር ክፍል በመሆኑ አዲሱ አየር ከአሮጌው ጋር ሁልጊዜ ይቀላቀላል። የወፍ ሳንባ ግን አይነፋም፣ አይሟሽሽም፤ አየሩን የሚያንቀሳቅሱት በደረቷና በሆድዋ የተበተኑት፣ ብዙውን ጊዜ ዘጠኝ የሆኑት የአየር ከረጢቶች ናቸው። አንጥረኛ ሁለት ወናፍ ይዞ አንዱን ሲጫን ሌላውን እያነሣ፣ ለፍሙ የሚደርሰው ነፋስ ለአፍታም እንዳይቋረጥ እንደሚያደርግ፣ ወፍም ወደ ውስጥ ስትተነፍስ የኋለኞቹ ከረጢቶች ንጹሑን አየር ይቀበላሉ፤ ወደ ውጭ ስትተነፍስ ያን አየር በሳንባዋ በኩል ወደ ፊት ይሰዱታል። አንዱ አየር ገብቶ እስኪወጣ ሁለት ትንፋሽ ይፈጃል፤ በሳንባው ውስጥ ግን ሲገባም ሲወጣም አንድ አቅጣጫ ይዞ ይፈሳል። ዓሣ በውሃ ያደረገውን ወፍ በአየር አደረገችው ማለት ነው። በ2013 (እ.ኤ.አ.) የወጣ ጥናት በጫሞ ሐይቅ ዳር ፀሐይ ሲሞቅ የምናየው የዓባይ አዞም በሳንባው ውስጥ አንድ አቅጣጫ የያዘ ፍሰት እንዳለው አስረድቷል፤ ስለዚህ ይህ ሥርዓት ከክንፍ ይልቅ የቆየ ሳይሆን አይቀርም።

ኅዳር 29 ቀን 1973 (እ.ኤ.አ.) በአይቮሪኮስት፣ በአቢጃን ሰማይ ላይ፣ 11,300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ይበር ከነበረ አውሮፕላን ጋር አንድ ወፍ ተጋጨ፤ ከተገኘው ላባ ተመርምሮም የሩፔል ጥንብ አንሣ መሆኑ ታወቀ። በዚያ ከፍታ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ካለው አንድ አምስተኛ ያህል ብቻ ነው፤ ሰው በዚያ ቢገኝ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ራሱን ይስታል። አሞራው የተሰየመው በ1830ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የሰሜንን ተራሮችና የጎንደርን አገር ተዘዋውሮ ባጠናው በጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል ስም ነው። ከሳንባው ሌላ፣ ደሙ ውስጥ ከአንድ ዓይነት በላይ ሄሞግሎቢን ይገኛል፤ አንዳንዶቹም ኦክስጅኑ እጅግ በሳሳበት አየር ውስጥ ስንኳ አጥብቀው የሚይዙ ናቸው።

ሩፔል በ1835 (እ.ኤ.አ.) ለሳይንስ ያስተዋወቀው ጭላዳ ግን እንዲህ ያለ ልዩ ሄሞግሎቢን የለውም። በሰሜን ተራሮች ገደል አፋፍ ላይ ሣር እየነጨ የሚውለው ይህ ዝንጀሮ፣ በ2022 (እ.ኤ.አ.) በታተመው ጥናት እንደ ታየው፣ የሄሞግሎቢኑ መጠን ከፍ ያለ ሆኖ አልተገኘም፤ ደረቱ ግን ከቆላ ዘመዶቹ የሰፋ ነው። ከእርሱ ጋር አንድ ተራራ የሚጋራው ገበሬም ሊቃውንትን አስገርሟቸዋል። በአንዲስ ተራራ የሚኖሩ ሰዎች በከፍታው ምክንያት ደማቸው በሄሞግሎቢን ይወፍራል፤ በቲቤት ያሉት ሄሞግሎቢናቸው አይጨምርም፣ ነገር ግን ደማቸው የሚሸከመው ኦክስጅን ዝቅ ያለ ነው። አሜሪካዊቷ ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦችዋ በ2002 (እ.ኤ.አ.) ባወጡት ጥናት፣ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ወደ ሦስት ሁለት እጅ በወረደበት በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩትን የአገራችንን ደገኞች ሲመረምሩ፣ ሄሞግሎቢናቸው በባሕር ጠለል ከሚኖር ሰው ሳይበልጥ፣ ደማቸው በአማካይ 95.3 ከመቶ ኦክስጅን ጠግቦ አገኙት። ከዐሥር ዓመት በኋላ ደግሞ በባሌ ደጋ የሚኖሩት ሰዎች ሄሞግሎቢን ከሰሜኖቹ ከፍ ያለ መሆኑ በሌላ ጥናት ተገለጠ።